ከራኩኑ በፊት የነበሩት አራት አርበኞች

ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲን በሲኒማ ያወቀ ሰው የቡድኑ ታሪክ የተጀመረበትን መጽሔት ሲገልጥ መጀመሪያ የሚፈልገው ተናጋሪውን ራኩንና የሚራመደውን ዛፍ ነው። ሁለቱም የሉም። ስታር ሎርድም፣ ጋሞራም፣ ድራክስም አይገኙበትም። ከፊልሙ ዋና ዋና ፊቶች የሚታየው አንድ ብቻ ነው፤ ቀስቱን በፉጨት የሚያዘው ሰማያዊው ዮንዱ። እሱም ቢሆን እዚህ የሽፍታ አለቃ ሳይሆን አገሩን የተነጠቀ አዳኝ ነው።

መጽሔቱ «ማርቭል ሱፐር ሂሮስ» ቁጥር 18 ሲሆን ሽፋኑ የጃንዋሪ 1969 ቀን ይዟል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተራ ኮሚክ በ12 የአሜሪካ ሳንቲም በሚሸጥበት ዘመን ይህ 25 ሳንቲም ያስከፍል ነበር፤ ምክንያቱም ወፍራም ነው። የኮሚክ አሳታሚው ማርቭል በየእትሙ አንድ አዲስ ታሪክ ይሞክርበትና የተረፉትን ገጾች በድሮ ታሪኮች ይሞላቸዋል። በቁጥር 17 ብላክ ናይት፣ በቁጥር 19 ደግሞ ካዛር የሚባሉ ገጸ ባሕርያት ቀርበዋል። የጋላክሲው ጠባቂዎች ተራ የደረሳቸው በሁለቱ መካከል ነው።

ሐሳቡ ሲጀመር ከጠፈር ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በወቅቱ የማርቭል ጸሐፊ የነበረው ሮይ ቶማስ እንደተናገረው፣ እሱ ያሰበው አሜሪካን ተቆጣጥረው የተካፈሏትን ሶቪየቶችና ቻይናውያን በደፈጣ የሚወጉ ሰዎችን ነበር። ዋና አዘጋጁ ስታን ሊ ግን ውጊያውን ወደ ፕላኔቶች አወጣው። ጽሑፉን አርኖልድ ድሬክ ጻፈ፤ ድሬክ ቀደም ሲል ለተፎካካሪው ዲሲ ኩባንያ ዱም ፓትሮልን ከፈጠሩት አንዱ ነው። ሥዕሉ የጂን ኮላን ነው። ኮላን በእርሳስ ጥላ የሚታወቅ ሠዓሊ ነበር፤ ግማሽ ፊት በጨለማ ይዋጣል፣ አካል በጭስ ውስጥ እንዳለ ይደበዝዛል። ይህን ልስላሴ በጥቁር ቀለም መልሶ ማስመር ለሌሎች ሠዓሊዎች ፈተና ነበር። የተወረረች ከተማን ለመሳል ግን ከእሱ የተሻለ እጅ ማግኘት ይከብዳል።

ታሪኩ በ31ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል። የሰው ልጅ በፀሐይ ዙሪያ ባሉት ፕላኔቶች ሠፍሯል፤ ለየሥፍራው የሚስማማ አካልም ለራሱ አበጅቷል። ቻርሊ-27 የጁፒተር ወታደር ነው፤ የከባዱን ፕላኔት ስበት እንዲቋቋም የተሠራ፣ እንደ ግንብ የደነደነ ሰው። ለብቻው ጠፈር ሲጠብቅ ከርሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ባዱን የሚባሉት ተሳቢ መሳይ ወራሪዎች አገሩን ይዘው፣ ሕዝቡን ባሪያ አድርገው ያገኛል። አምልጦ ፕሉቶ ሲደርስ የሚያገኘው ማርቲኔክስን ብቻ ነው፤ ብርዱን እንዲችል ገላው ክሪስታል የሆነ ሳይንቲስት። ሁለቱ ወደ ምድር ሲመጡ ከዮንዱና ከሜጀር ቫንስ አስትሮ ጋር ይገናኛሉ። አራት ሰው ሆነው አንድን ግዛት ለመውጋት ይማማላሉ።

ከአራቱ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚነካው የቫንስ አስትሮ ነው። በ1988 ብቻውን ወደ አልፋ ሴንታውሪ የተላከ ጠፈርተኛ ነው፤ መንገዱ አንድ ሺህ ዓመት ስለሚፈጅ አብዛኛውን ተኝቶ ይጓዛል። ሲደርስ ሰዎች ቀድመውት ጠበቁት። እሱ እንቅልፍ ላይ ሳለ ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ ተፈልስፎ ነበርና። ሕይወቱን የሰጠበት ጉዞ ለማንም ያልጠቀመ ሆኖ ቀረ። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የሸፈነውንም ልብስ ማውለቅ አይችልም፤ ካወለቀ የሺህ ዓመቱ እርጅና በአንድ ጊዜ ይደርስበታል።

በእንቅልፍ ተጉዞ በሌሎች የመቀደም ሐሳቡ የድሬክ ብቻ አይደለም፤ ኤ. ኢ. ቫን ቮግት በ1944 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር። ስሌቱም ከእውነት የራቀ አይደለም። የጠፈር መንኮራኩሩ ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአራት የብርሃን ዓመት ትንሽ የሚበልጠውን የአልፋ ሴንታውሪ ርቀት በዚህ ፍጥነት ለመጨረስ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። በሺህ ዓመት የሚደርስ መርከብ ከቮዬጀር ከ70 እጥፍ በላይ መፍጠን አለበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ መርከብ መሥራት የቻለ ትውልድ ደግሞ ነገ የሚበልጠውን ሊሠራ ይችላል። ዛሬ ልሂድ ወይስ የተሻለው እስኪሠራ ልጠብቅ የሚለው ጥያቄ ስለ ከዋክብት ጉዞ የሚያስቡ ሰዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እትሙ ዘመኑ በሁሉም ገጽ ይታይበታል። «ምድር ታሸንፋለች» የሚል ትርጉም ያለው ርዕሱ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል መዝሙር ከሆነው «ዊ ሻል ኦቨርካም» የተወሰደ ነው። ፕሉቶ ከ2006 ወዲህ ድንክ ፕላኔት ተብሏል፤ ጁፒተርም የጋዝ ፕላኔት ስለሆነ ወታደር የሚቆምበት መሬት የለውም። ከዚህ የሚከብዱ ጉድለቶችም አሉ። በቡድኑ ውስጥ አንድም ሴት የለችም፤ ኒኪ የምትባለዋ አባል የተቀላቀለችው በ1976 ነው። ዮንዱ ደግሞ ከሆሊውድ የካውቦይ ፊልሞች ቀስቱን እንደያዘ ተነሥቶ ሌላ ፕላኔት ላይ የተቀመጠ «የአገሬው ሰው» ነው። ፍጥነቱም ያደናግራል፤ አራት ሰዎችንና ብዙ ዓለማትን ለማስተዋወቅ ገጹ ስለማይበቃ ውጊያው ሳይጀመር ታሪኩ ያልቃል።

ቀጣይ ክፍልም አልመጣም። ቡድኑ አምስት ዓመት ያህል ተረስቶ ቆይቶ በ1974 ጸሐፊው ስቲቭ ገርበር «ማርቭል ቱ ኢን ዋን» ላይ መልሶ አነሣው። በ1990 ጂም ቫለንቲኖ የራሳቸውን መጽሔት ጀመረላቸው። በ2008 ዳን አብኔትና አንዲ ላኒንግ ስሙን ብቻ ወስደው ስታር ሎርድን፣ ጋሞራን፣ ራኩኑን ሮኬትንና ዛፉን ግሩትን ሰበሰቡ። በ2014 ጄምስ ገን ፊልም ያደረገው ይህን ሁለተኛውን ቡድን ነው፤ በዓለም ዙሪያ ከ770 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በ2017ቱ ፊልም ቻርሊ-27ና ማርቲኔክስ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ይላሉ።

እንዲህ ሲታይ በአሮጌው እትምና በፊልሙ መካከል ከስምና ከዮንዱ በቀር የቀረ ነገር ያለ አይመስልም። አባላቱን ያገናኘው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ዝምድናው ይወጣል። ሌላውን የማርቭል ቡድን፣ አቬንጀርስን፣ ያሰባሰበው ኃይላቸው ነው፤ እነዚህን ያሰባሰበው ያጡት ነው። ቻርሊ፣ ማርቲኔክስና ዮንዱ ከየወገናቸው ተርፈዋል፤ ቫንስ ከዘመኑ ተርፏል። ድራክስ ቤተሰቡ ተገድሎበታል፣ ጋሞራ ወገኗ አልቆባታል፣ ስታር ሎርድም እናቱ በሞተችበት ሌሊት ከምድር ተወስዷል። ሰዎቹ ሁሉ ሲለወጡ ድሬክ የጣለው መሠረት አልተነቃነቀም።

ስለዚህ ቁጥር 18ን የሚያነብ ሰው እዚያ ባያቆም ይሻላል። ከባዱኖች ጋር የተጀመረው ውጊያ በ1975፣ በሌላ ቡድን መጽሔት፣ በ«ዲፌንደርስ» ቀጥሏል። ገርበር ቀጥሎ በ«ማርቭል ፕሬዘንትስ» ነፃ በወጣችው ምድር ላይ አራቱን ሲያሳየን ሰላሙን መልመድ አቅቷቸው፣ ሥራ ፈትተውና ተነጫንጨው ነው። መርከብ አግኝተው ወደ ጠፈር የሚመለሱት ጠላት ፍለጋ ሳይሆን የሚገቡበት ቤት ስለሌላቸው ነው። ድሬክ በጥድፊያ የዘለለው ጥያቄ፣ ሁሉን ያጣ ሰው ካሸነፈ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው፣ እዚያ መልስ ያገኛል።