ቃል ጥናትና ቅኔ፤ ስለ ግርማ አማረ ጽሑፎችና ስላስከተሉት ክርክር

ደልጊ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ በጣቁሳ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል ሲመላለስ የኖረው የሞተር ጀልባ ከሚያርፍባቸው ወደቦች አንዷ ነበረች። ከእርሷ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የጎንደር አድባራት፣ በስተ ምሥራቅ ከሐይቁ ማዶ የጋይንት የዜማ ጉባኤዎች፣ በስተ ደቡብ የጎጃም የቅኔ ቤቶች ይገኛሉ። በዚህ አገር ተወልዶ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚማር ልጅ ፊደል መቍጠርንና ዳዊት መድገምን የሚማረው በሰፈሩ ደብር ቅጥር ግቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ዕውቀት የሚሻ ከሆነ ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ከወላጆቹ መለየት ግድ ይሆንበታል። ድጓን ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ወደ ጎንደር ይሄዳል።

እንግዲህ አንድ መርማሪ በመንደሩ ደብር ብቻ ቆሞ ቢመለከት የሚያየው የመጀመሪያውን ደረጃ ነው፤ ከተማሪው ጋር መንገድ ቢወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምን ዐይነት ሰው ያወጣል በሚለው ጥያቄ ላይ ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየው የሊቃውንት ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ክርክሩን በምሁራን መጽሔት ላይ አጥርተው ካቀረቡት አንዱ የትምህርት ተመራማሪው ግርማ አማረ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የኅትመት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግርማ አማረ የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በወጣበት በመጀመሪያው ቍጥር ላይ የታተመ ሲሆን፣ ነገሩ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ስላለው ቃል በቃል የማጥናት ልማድ ነው። ከአምስት ገጽ አይበልጥም። ሁለተኛው በ1967 የኢትዮጵያ ትምህርት መጽሔት ሲጀመር በአንደኛው ቍጥር ወጣ፤ ይኸውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓላማው ምንድን ነው የሚለውን የሚመረምር ነው። በዚህ በሁለተኛው ጽሑፍ የተሰጠው ፍርድ ጠንካራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዋና ዓላማ የሰውን ልጅ ስለ ዓለም ያለውን ማስተዋል ማስፋት ሳይሆን፣ ያለውን ሥርዓት እንዳለ እንዲቀበል ማድረግ፣ ከአባቶች የተላለፈውን መጠበቅና ሳይለወጥ ለሚመጣው ትውልድ ማስረከብ ነው ይላል። ይህች አሳብ ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት በተጻፉ ድርሳናት ውስጥ ደጋግማ ተጠቅሳለች፤ አጭር በመሆኗ ለመጥቀስ ምቹ ናት፤ ምቹ በመሆኗም ከተነገረችበት ምክንያት ተለይታ ብቻዋን መዞሯ አልቀረም።

የፍርዱ መሠረት በደብሩ ቅጥር የሚታየው ነው። ልጁ መጀመሪያ ሀ ሁን ይቈጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳን፤ ከዚያም የዮሐንስን መልእክት በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ያነባል፤ ከወንጌል በኋላ ዳዊት ይደግማል። የሚያነበው ግዕዝ ነው፤ ትርጓሜው አይነገረውም። ሲመሽ ደግሞ መብራት ስለሌለ መጽሐፍ ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይጀመራል፤ ውዳሴ ማርያምንና መልክአ መልክኡን መምህሩ ወይም ታላቁ ተማሪ እየነገረው፣ እርሱ እየተቀበለ በቃሉ ይይዛል። ሳያስተውል ያነበንባል የሚለው ወቀሳ ለዚህ ደረጃ ከሞላ ጐደል እውነት ነው። ይልቁንም ብዙው ልጅ ዳዊት ደግሞ ወደ እርሻው ወይም ወደ ሌላ ሥራው የሚመለስ ስለ ሆነ፣ ግርማ አማረ የገለጹት ትምህርት ለብዙዎቹ የጨረሱት ትምህርት ነው።

ነገር ግን ቃል ጥናት የተወለደው ከመናቅ ወይም ከስንፍና አይደለም። ብራና ውድ ነው፤ አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፈጃል፤ ስለዚህ በአንድ መጽሐፍ ብዙ ልጆች ይማሩበታል። መጽሐፍ በሌለበት የተማሪው ልብ መዝገብ ቤት ይሆናል። በዜማ ቤት ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት፣ ትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው፣ አብዛኛው ከታወቀ የዜማ ቃል የተቈረጠ ፊደል ነው፤ ያን ቃል ከነዜማው በልቡ ያልያዘ ሰው ምልክቱን አይቶ ምንም ሊያዜም አይችልም። ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ በ1993 እና ከዚያ በኋላ ባሳተሟቸው ሥራዎች ይህን በዝርዝር አሳይተዋል፤ በኢትዮጵያ ዜማ ጽሕፈቱና ቃሉ ተደጋግፈው የሚሄዱ እንጂ አንዱ ሌላውን የተካ አይደለም። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ማጥናት የማስተዋል ጠላት ነው ማለት ያስቸግራል፤ ዕውቀቱ ራሱ ነውና።

ክርክሩ የሚከርረው ቅኔ ቤት ሲደረስ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግስ ያወርዳል፣ አገባብ ይቀጽላል፤ ይህን ሁሉ ማጥናት አለበት። ዳሩ ግን ያጠናውን መልሶ በመናገር ቅኔ ተማረ አይባልም። በየቀኑ የራሱን፣ አዲስ የሆነውን ይዞ መቅረብ ይኖርበታል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ አድርጎ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ቀን ቀን በዱር በጫካው፣ በመቃብር ቤቱ ለብቻው ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ምሥጢሩን፣ ቤቱን፣ ሰሙንና ወርቁን መርምረው ያርማሉ፣ እርሳቸውም የራሳቸውን ይዘርፋሉ። አንድ ጊዜ በተባለ ቅኔ ዳግመኛ መመስገን ነውር ነው። ከፈጠራ በቀር መመዘኛ የሌለውን ይህን ትምህርት ቤት፣ የተላለፈውን ሳይለውጥ ያስረክባል በሚል አንድ ቃል መጠቅለል አይቻልም። በጎጃም በጽላሎ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ሥውር ነበሩ፤ የተማሩትም ያስተማሩትም በቃል ነው፤ ቃል ጥናትና ፈጠራ በአንድ ሰው ልብ እንደሚኖሩ ከእርሳቸው የበለጠ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

ይሁንና ለግርማ አማረም ፍርድ መስጠት ይገባል። የቅኔ አዲስነት በአነጋገሩና በምሳሌው ነው እንጂ፣ የሃይማኖቱን መሠረት ለመጠየቅ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ባለቅኔው መኳንንቱን በወርቁ ሊነካ ይችላል፤ የዓለምን ጠባይ በፈተና መርምሮ አዲስ ሕግ ለማውጣት ግን ቅኔ ቤት አልተመሠረተም። የ1967ቱ ጽሑፍ የተናገረው ስለ ዓላማ ነው፤ ስለ ዓላማ ሲሆን ደግሞ በቀላሉ አይረታም። የተሳሳተው ዓላማውንና የአእምሮውን ሥራ አንድ አድርጎ ለወሰደው አንባቢ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ጽሑፎች አንዳንዶቹ ወደዚያ፣ አንዳንዶቹ ወደዚህ ያዘነብላሉ። ዶናልድ ሌቪን በ1965 ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ ባሳተሙት መጽሐፍ ቅኔን የአማራ ባህል ቁልፍ አድርገው ወስደውታል። በ1970 አለቃ እምባቆም ቃለወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት ትንሽ መጽሐፍ በመንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ማተሚያ ቤት ወጣ። መጽሐፉ ለግርማ አማረ መልስ ተብሎ የተጻፈ አይደለም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ጉባኤ ቤትና የተማሪውን ኑሮ ከውስጥ ሆኖ ስለሚገልጽ መልስ ሆኖ ይነበባል። ተርጓሚው መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ጽፈው ለአንባቢ ያበቁ ሰው ስለ ሆኑ፣ የጉባኤ ቤቱን ኑሮ ከቅርብ ያውቁታል። የጉባኤ ቤት ሊቅ ስለ ራሱ ትምህርት የሰጠው ምስክርነት ወደ ምሁራኑ ክርክር የገባው በባዕድ ቋንቋ መሆኑ ግን ሳይታለፍ የሚታሰብ ነው። በዚያው ዓመት ኃይለ ገብርኤል ዳኜ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ጽፈዋል። በ1979 ደግሞ ተሾመ ዋጋው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተሙት የኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ ውስጥ፣ ነባሩ ትምህርት የታሪኩ አንድ ክፍል ሆኖ ቦታውን አገኘ።

ከዚያ ወዲህ የነገሩ ፊት ተገለበጠ። መሳይ ከበደ በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ዘመናዊው ትምህርት ከአገሩ ባህል ተነቅሎ መተከሉ ለ1960ዎቹ ተማሪ ሥር ነቀልነት ምክንያት መሆኑን ይከራከራሉ፤ ይርጋ ገላው በ2017 ከላሊበላ ተነሥተው ነባሩን ዕውቀት ወደ ጎን ያደረገውን ትምህርት አገር በቀል ቅኝ ግዛት ብለውታል። ግርማ አማረ እንደ ጕድለት የቈጠሩት፣ ማለትም ያለፈውን ጠብቆ ማስተላለፍ፣ በእነዚህ ጸሐፊዎች ዘንድ የጠፋ ሀብት ሆኗል። በሁለቱ ወገን የሚታየው ጠባይ አንድ ነው፤ የተለወጠው ክብደቱ ነው።

የቃል ጥናትም ጕዳይ አልተዘጋም። ተከስተ ነጋሽ በ1990፣ በ1996 እና በ2006 ባሳተሟቸው ሥራዎች ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ቀውስ ሲጽፉ፣ ተማሪው በማይገባው እንግሊዝኛ መማሩን ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ውስጥ አስገብተውታል። ይህ የ1963ቱን ጥያቄ በሌላ ብርሃን ያሳያል። የደልጊ ልጅ በደብሩ ቅጥር ግዕዙን ሳይተረጐምለት ያነባል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ሳይንሱን ባልለመደው ቋንቋ ከደብተሩ ይሸመድዳል። የመጀመሪያው ንባብ ግን የሚጠብቀው ደረጃ አለው፤ ተማሪው መንገድ ቢወጣ በመጻሕፍት ቤት ያው ዳዊት፣ ያው ወንጌል በአማርኛ አንድም አንድም እየተባለ ይፈታለታል፤ ሮጀር ካውሊ በ1983 እና በ1988 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የመረመሩት ይህንኑ የአንድምታ ትርጓሜ ነው።