ሪሞት በእጅ፣ አውሮፕላን በስክሪን

የሞዴል አውሮፕላንና የእሽቅድምድም ድሮን የሚበሩበት የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ሁለት ክፍል አለው። በአብራሪው እጅ ያለው ትራንስሚተር የጣቶቹን እንቅስቃሴ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጠው ሪሲቨር ትእዛዙን ተቀብሎ ለሞተሩና መሪ ክንፎቹን ለሚያንቀሳቅሱት ሰርቮዎች ያደርሳል። በበረራ ሲሙሌተር የሚደረግ ልምምድ ከዚህ ሰንሰለት የሚያስቀረው አውሮፕላኑን ነው። ትራንስሚተሩ ያው ነው፤ አንዳንዴም ሪሲቨሩ ያው ነው፤ አውሮፕላኑ ግን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታይ ሥዕል ስለሆነ ቢከሰከስም አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደገና ማስነሣት ይቻላል።

ሲሙሌተሮች በኪቦርድም ሆነ በተራ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ሊሠሩ ይችላሉ፤ በዚያ የተገኘ ልምድ ግን ሜዳ ላይ ብዙም አይጠቅምም። ኪቦርድ የሚያውቀው መጫንና መልቀቅን ብቻ ነው፤ አውሮፕላን ደግሞ ጥቂት ዘንበል፣ ትንሽ ቀና መደረግን ይፈልጋል። የጨዋታ መቆጣጠሪያ ስቲኮች አጫጭር ናቸው፤ ሲለቀቁም ስፕሪንግ ስቦ ወደ መሃል ይመልሳቸዋል። በትራንስሚተር ላይ የሞተሩን ጉልበት የሚወስነው ስቲክ ግን ባቆሙት ቦታ ይቀራል። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው አውሮፕላኑ ፊቱን አዙሮ ወደ አብራሪው ሲመጣ ግራና ቀኙ መገልበጡ ነው። ይህን አስቦ ለመድረስ ጊዜ የለም፤ ጣት አስቀድሞ ሊለምደው ይገባል። ጣት የሚለምደውም ነገ ሜዳ ላይ የሚይዘውን ያንኑ ስቲክ ሲይዝ ነው።

ትራንስሚተሩ የሚልከው ምን እንደሆነ ከታወቀ የማገናኛ መንገዶቹ ሁሉ ግልጽ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የሚውለው መስመር ቻናል ይባላል። መሠረታዊዎቹ ቻናሎች አራት ናቸው፦ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለው ኤለሮን፣ አፍንጫውን ቀናና ዝቅ የሚያደርገው ኤሌቬተር፣ የሞተሩን ጉልበት የሚወስነው ትሮትል፣ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው ራደር። የትኛው በየትኛው እጅ እንደሚሆን «ሞድ» ይወስነዋል። በአሜሪካ የተለመደው ሞድ 2 ትሮትልንና ራደርን በግራ እጅ ያደርጋል፤ በጃፓን የሚዘወተረው ሞድ 1 ትሮትልን ወደ ቀኝ ያመጣዋል።

የስቲኩ ቦታ የሚገለጸው በጊዜ ርዝመት ነው። አንደኛው ጫፍ ላይ ሲሆን 1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ መሃል ላይ 1.5፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ 2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የሚቆይ ምት ይሆናል። ፒፒኤም በሚባለው የቆየ አሠራር የስምንት ቻናሎች ምት በአንድ ሽቦ ላይ ተራ በተራ ይሄዳል። ከስምንተኛው በኋላ ረዘም ያለ ዝምታ ይከተላል፤ የአዲሱ ዙር መጀመሪያ የሚታወቀው በዚህ ዝምታ ነው። አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ 22.5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ኮምፒውተር በበኩሉ ፒፒኤምን አያውቅም፤ የሚያውቀው በዩኤስቢ የሚገባ ጆይስቲክን ነው። ስለዚህ ማገናኘት ሲባል እነዚህን ምቶች ወደ ጆይስቲክ መረጃ መለወጥ ማለት ነው። መንገዶቹ የሚለያዩት ለዋጩ በሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ትራንስሚተሩ ውስጥ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ወይም ከሪሲቨሩ በኋላ ሊሆን ይችላል።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ትራንስሚተሮች ለዋጩን በውስጣቸው ይዘዋል። ኤጅቲኤክስ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩት እንደ ሬዲዮማስተር ቦክሰርና ፖኬት ያሉት በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዙ በምን መልክ እንዲገናኙ ይጠይቃሉ፤ «ጆይስቲክ» የሚለው ሲመረጥ ጉዳዩ አለቀ። ሰው ከተቸገረም ብዙውን ጊዜ በገመዱ ነው። ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ የስልክ ገመዶች ዳታ የሚያሳልፍ ሽቦ ስለሌላቸው ባትሪ ይሞላሉ እንጂ ኮምፒውተሩ ምንም አያይም። ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ያላቸው ትራንስሚተሮችም አሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ለቻርጅ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ።

ዩኤስቢ የሌላቸው የቆዩ ትራንስሚተሮች ጀርባ ላይ «ትሬነር» የሚባል ቀዳዳ ይገኛል። የተሠራው የአሠልጣኝንና የተማሪን ትራንስሚተር በገመድ ለማያያዝ ነበር፤ የሚያወጣው ያንኑ ፒፒኤም ስለሆነ ለሲሙሌተርም ይውላል። የሚያበሳጨው እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ቅርጽ መምረጡ ነው። ስፔክትረም 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ቀዳዳ፣ ፉታባ ማዕዘን ያለው፣ ፍላይስካይ ደግሞ ክብ ባለ አራት እግር ይጠቀማሉ። በገበያ «የሲሙሌተር ገመድ» ተብሎ የሚሸጠው ለእነዚህ ቅርጾች የሚሆኑ አስማሚዎችንና ፒፒኤምን ወደ ጆይስቲክ የሚለውጥ ትንሽ ቺፕ የያዘ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙዎች የትሬነሩን ምት በኮምፒውተሩ የማይክሮፎን ቀዳዳ አስገብተው እንደ ስማርትፕሮፖፕላስ ባለ ፕሮግራም ያስነብቡት ነበር። ኮምፒውተሩ ምቱን እንደ ድምፅ ቀድቶ የቻናሎቹን ርዝመት ይለካል። ብልሃቱ የሚደነቅ ቢሆንም ዛሬ የሚመከር አይደለም፤ የድምፅ ማጣሪያው ምቱን ሲያዛባው አውሮፕላኑ ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል።

ገመድ የማይወዱ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ዶንግል ይገዛሉ። የስፔክትረም ደብሊውኤስ2000 ለዚህ የተሠራ ነው። ሲጠቃለል ሪሲቨር ነው፤ የሚሰማውም የራሱን ኩባንያ ሬዲዮ ነው። ከትራንስሚተሩ ጋር አብሮ የተገዛ ሪሲቨር እቤት ላለው ሰው ግን ሌላ መግዛት ግዴታ አይደለም።

ያንን ሪሲቨር ለሲሙሌተር ማዋል ጥቂት ሽቦና ትዕግሥት ቢጠይቅም ከባድ ሥራ አይደለም። በዋጋው መርከስ ብዙ ጀማሪዎች የሚይዙት የፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 ትራንስሚተርና ኤፍኤስ-አይኤ6ቢ ሪሲቨር ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በሪሲቨሩና በኮምፒውተሩ መሃል የሚገባው አርዱይኖ ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ የተባለ ትንሽ ቦርድ ነው። ከአርዱይኖ ቦርዶች ይበልጥ የሚታወቀው የቆየው ኡኖ ለዚህ አይመችም፤ ዋናው ቺፑ ዩኤስቢን በቀጥታ ስለማያውቅ ኮምፒውተሩ ጆይስቲክ አድርጎ አይቀበለውም። በሊዮናርዶና በፕሮ ማይክሮ ላይ ያለው ኤቲሜጋ32ዩ4 ቺፕ ግን ራሱን እንደ ኪቦርድም እንደ ጆይስቲክም ማስተዋወቅ ይችላል።

ሽቦዎቹ ሦስት ናቸው። የሪሲቨሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከቦርዱ 5 ቮልትና ግራውንድ ጋር ይያያዛሉ። ሪሲቨሩ ከ4 ቮልት ጀምሮ ስለሚሠራ ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ የሚመጣው ይበቃዋል፤ ሌላ ባትሪ አያስፈልግም። ሦስተኛው የሲግናል ሽቦ ነው፤ «ፒፒኤም» የሚል ምልክት ካለበት የቻናል 1 እግር ተነሥቶ በቦርዱ ላይ ኢንተራፕት የሚቀበል፣ ማለትም ምት ሲመጣ ወዲያው የሚያስተውል እግር ላይ ያርፋል። ሪሲቨሩ በተለመደው አሠራሩ ለእያንዳንዱ ሰርቮ የየራሱን ምት ስለሚያወጣ፣ ሁሉንም በአንድ ሽቦ እንዲልክ ከትራንስሚተሩ የሪሲቨር ማስተካከያ ውስጥ «ፒፒኤም አውትፑት» መብራት አለበት። በዚህ ትራንስሚተር ላይ ለውጡ የሚቀመጠው «ካንሰል» የሚለውን ቁልፍ ጫን አድርጎ በመያዝ ነው። ቁልፉን ነካ አድርጎ ብቻ የወጣ ሰው ለውጡ አልተቀመጠለትም፤ ሽቦ ሲፈታና ሲያስር ከማምሸት በፊት ይህን ማየት ይበጃል።

ሁለቱ መሣሪያዎች ቀድሞ ካልተጣመሩ ማጣመር ይቀድማል። አብራ የምትመጣው ትንሽ የማጣመሪያ ሽቦ «ባይንድ» የሚለው ቦታ ላይ ተሰክታ ሪሲቨሩ ኃይል ሲያገኝ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያኔ የትራንስሚተሩን የባይንድ ቁልፍ ይዞ ማብራት ነው። ሲጣመሩ ሽቦዋ ትነቀላለች። ትራንስሚተሩ ሲበራ ትሮትሉ ዝቅ ካላለና ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ካልሆኑ እየጮኸ አልሠራም ይላል። ብልሽት አይደለም፤ የእውነተኛ አውሮፕላን ሞተር በድንገት እንዳይነሣ የተደረገ ጥንቃቄ ነው።

ቦርዱ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም አጭር ነው። በተከታታይ ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ ይለካል፤ ከ1000 እስከ 2000 ያለውን ቁጥር ለተራው ቻናል ይሰጣል፤ ከ3000 በላይ የሆነ ክፍተት ሲያገኝ ቆጠራውን ከቻናል 1 ይጀምራል። ቁጥሩን ወደ ዩኤስቢ የማሻገሩን ሥራ ለአርዱይኖ የተዘጋጀ የጆይስቲክ ላይብረሪ ይወስድለታል።

ብዙ አዳዲስ ሪሲቨሮች ፒፒኤምን ትተው ዲጂታል መስመር ይጠቀማሉ። ከፉታባ የመጣው ኤስባስ 16 ቻናሎችን በሴኮንድ በ100,000 ቢት ፍጥነት ይልካል፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ቮልት ተገልብጦ ስለሚመጣ ግን ቦርዱ እንዲያነበው መልሶ የሚገለብጠው አንድ ትራንዚስተር መሃል ይገባል። ድሮን ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ሊድን ይችላል። ቤታፍላይት በተባለው ሶፍትዌር የሚሠራ ፍላይት ኮንትሮለር፣ ማለትም የድሮኑ መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ሪሲቨሩ ቀድሞ ተበይዶበታል፤ በዩኤስቢ ሲያያዝም ራሱን ጆይስቲክ አድርጎ እንዲያቀርብ ማዘዝ ይቻላል። አንዳንዶቹ ለሪሲቨሩ ከዩኤስቢ ኃይል ስለማይሰጡ መንገዱ ለሁሉም አይሆንም። የድሮኑ ባትሪ መሰካት የለበትም፤ ፕሮፔለሮቹም ይውለቁ። ጠረጴዛ ላይ የተነሣ ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል።

በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ ኮምፒውተሩ ጆይስቲክ ማየቱ የመንገዱ ግማሽ ነው። በዊንዶውስ የጨዋታ መቆጣጠሪያዎች መስኮት ሲከፈት በካሬ ውስጥ የምትንቀሳቀስ የመደመር ምልክትና ከፍ ዝቅ የሚሉ አሞሌዎች ይታያሉ። አንድ ስቲክ በአንድ አቅጣጫ ሲገፋ አንድ አሞሌ ብቻ፣ ሳይዘል፣ እስከ ጫፍ መሄድ አለበት። ሁለት አብረው ከተንቀሳቀሱ ትራንስሚተሩ ቻናሎችን እያዋሐደ ነው ማለት ነው፤ ኤለሮንና ኤሌቬተር በአንድ መሪ ክንፍ ለሚሠሩበት የዴልታ አውሮፕላን የተዘጋጀ ማስተካከያ ሲመረጥ ይህ ያጋጥማል። ስለዚህ በትራንስሚተሩ ውስጥ ለሲሙሌተር ብቻ የሚሆን አዲስ ሞዴል መክፈት ይሻላል፤ ምንም ያልተዋሐደበት፣ የስቲኩን መነሻ ጥቂት የሚያስተካክሉት ትሪሞች መሃል ላይ ያሉ፣ የስቲኩን ስሜት የሚያለዝበው ኤክስፖ የጠፋበት። ኤክስፖ በትራንስሚተሩም በሲሙሌተሩም ከበራ ይደራረብና አውሮፕላኑ መሃል ላይ ደንዝዞ ጫፍ ላይ ይፈነጥራል።

ቀጥሎ ካሊብሬሽን ነው። ሲሙሌተሩ ስቲኮቹን መሃል ላይ እንዲያቆሙ፣ ከዚያ አራቱንም ማዕዘን እያስነኩ እንዲያዞሩ ይጠይቃል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ስቲኩን እስከ ጫፍ ሳያደርስ ካለፈ ሲሙሌተሩ የደረሰበትን እንደ መጨረሻ ይቆጥረውና አውሮፕላኑ ከሚገባው በላይ ቁጡ ይሆናል። የቻናሎቹ ቅደም ተከተልም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ፉታባ ከኤለሮን ሲጀምር ስፔክትረም ከትሮትል ይጀምራል። ጉልበት ለመጨመር የተገፋው ስቲክ አውሮፕላኑን ካጋደለው ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በሲሙሌተሩ ማስተካከያ እያንዳንዱን ለየቦታው መመደብ ይፈታዋል። ስቲኩ ወደ ራስ ሲሳብ አፍንጫው ቀና ማለት አለበት። ተገልብጦ ከተገኘ በሲሙሌተሩ ውስጥ መመለስ እንጂ «እለምደዋለሁ» ብሎ መብረር ትልቅ ስሕተት ነው፤ የተለመደው ነገር እውነተኛውን አውሮፕላን መሬት ላይ ይተክለዋል። ለጨዋታ መቆጣጠሪያ ተብሎ መሃል ላይ የሚተወው ትእዛዝ የማይሰማ ክልልም ወደ ዜሮ ይውረድ፤ ትናንሽ እርማቶች የሚደረጉት እዚያው ላይ ነውና።

መዘግየት ሁሉንም እኩል አያስጨንቅም። ፒፒኤም በሴኮንድ 44 ጊዜ ያህል ይታደሳል፤ እንደ ፒካሲም ባለ ሲሙሌተር የተራራ ዳር ነፋስ ተንተርሶ የሚንሸራተት አውሮፕላን ለሚያበር ይህ ከበቂ በላይ ነው። በሊፍትኦፍ ወይም በቬሎሲድሮን በበሮች መካከል የሚሽቀዳደም ሰው ግን ልዩነቱ ይሰማዋልና ቀጥታ ዩኤስቢ ቢመርጥ ይሻለዋል። ብዙ ጊዜ ግን መዘግየቱ የሚመጣው ከማይጠረጠር ቦታ ነው፤ ቴሌቪዥንን እንደ ስክሪን የሚጠቀም ሰው የምስል ማሳመሪያውን ካላጠፋ ወይም ወደ ጨዋታ ሞድ ካልቀየረ ሥዕሉ ከእጁ ኋላ ይቀራል።

በዩኤስቢ ገመድ ሲበረር የሬዲዮ ስርጭቱ ስለማያስፈልግ ለሲሙሌተር በተከፈተው ሞዴል ላይ ማጥፋት ባትሪ ይቆጥባል፣ ትራንስሚተሩም አይሞቅም። በሪሲቨር በኩል ከሆነ ግን ስርጭቱ መብራት፣ አንቴናውም በቦታው መሆን አለበት። ሜዳ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ትራንስሚተሩ ላይ የተመረጠው ሞዴል ነው፤ የሲሙሌተሩ ሞዴል ተረስቶ ከቀረ ስርጭቱ ጠፍቶ አውሮፕላኑ ምንም ትእዛዝ አይሰማም፣ ስርጭቱ በርቶ ከሆነ ደግሞ ለዚያ አውሮፕላን የተስተካከለው ትሪምና የመሪ ክንፎች አቅጣጫ በቦታው አይገኝም።