እውነት ወይስ ተረት? «እግዜር ያበረታው አይደክመውም»

ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ፣ እኛ ሰፈር፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጠይቀን ስንወጣ አስታማሚዋን «እግዜር ያበርታሽ» እንላታለን። መልካም ምርቃት ነው። ከምርቃቱ ጀርባ ግን አንድ ተረት አለ፦ በእግዚአብሔር ኃይል የሚያገለግል አይደክመውም፤ ከደከመው እምነቱ ጎድሏል ይባላል።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አይልም። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ በጸሎቱ እሳት ካወረደ በኋላ ሞቱን ለምኖ ክትክታ ሥር ተኛ። መልአኩ አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ደግሞ እንዲተኛ ተወው፣ ዳግመኛም አበላው። ብርታቱ የተመለሰለት በእንቅልፍና በምግብ ነው። የሙሴም እጅ ዝሏል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ግራና ቀኝ ደግፈው የያዙት አሮንና ሖር ናቸው።

«በእግዜር የሚታመን ሌላ እርዳታ አይፈልግም» የሚሉም አሉ። ቀና ብለን እንጦጦን እንይ። እንጦጦ ማርያም ጸበል ከመጡ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መካከል መድኃኒት መዋጥ ጸበሉን መጠራጠር የመሰላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ግን ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ መከሩ።

እዳዬ አበበች ጎበናንም አስቡ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው፣ በዚያ ከገጠማቸው ረሃብ መሐል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ልጆቹ ሲበዙ ትዳራቸውን ትተው ወጡ፤ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አሳደጓቸው። እኛ ዛሬ «ጸጋ ተሰጥቷቸው ነው» እንላለን። እውነት ነው፣ ተሰጥቷቸዋል። ምጣዱ ፊት ጭሱን የቻለው ግን የሚደክመው ሥጋቸው ነው።

ታዲያ ተረቱ ለምን አይሞትም? በከፊል የጻድቃን ገድል ሲነበብ እየሰማን ስላደግን ነው፤ ተጋድሎው ይማርከናል፣ በየመንገዱ የረዳቸውን ሰው ግን አናስታውሰውም። ከሁሉ በላይ ግን፣ እኔ እንደማምነው፣ ለእኛ ለጠያቂዎቹ ስለሚመቸን ነው። አስታማሚዋን እግዜር ካበረታት እኛ ማደር አይጠበቅብንም። እሷም «ደከመኝ» ብትል «አማረረች» እንዳትባል ትፈራለች። ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጥ አድራ፣ ጠዋት በር ስናንኳኳ «ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብላ ቡና ታፈላልናለች። ይህ ያመኛል።

እግዚአብሔር እንዲያበረታት የምንጸልይ ከሆነ፣ የጸሎቱ መልስ እኛ ልንሆን እንችላለን። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ ከበሩ አትመለሱ፤ «ቅዳሜ ማታ ጋቢዬን ይዤ እመጣለሁ፣ አንቺ ትተኛለሽ» በሏት።