ትልቁ ግንደ ቆርቁር ለምን ያረጀ ዛፍ ይፈልጋል?

ግንደ ቆርቁር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ግንድ ላይ ተለጥፋ ስትቆረቁር የምትውል ትንሽ ወፍ ናት። የእስያው ታላቁ ግራጫ ግንደ ቆርቁር ግን ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ በሕይወት መኖራቸው ከተረጋገጠ ግንደ ቆርቁሮች ሁሉ እሱን የሚያህል የለም።

ከሂማሊያ ግርጌ ጀምሮ እስከ ሱማትራና ቦርኒዮ ደሴቶች የዝናብ ደኖች ድረስ ይገኛል። መላ አካሉ ግራጫ ሲሆን ጉሮሮው ቢጫ ነው፤ ወንዱ ጉንጩ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ዘመዶቹ ግንድ እንደ ከበሮ እየደበደቡ ሲጠራሩ እሱ ግን በጩኸት ብቻ ነው የሚግባባው።

ለመሆኑ ምን ይበላል? ጉንዳን፣ ምስጥና የማይናደፉ ትናንሽ ንቦችን። እነዚህ ንቦች የእኛዋ ጣዝማ ዘመዶች ናቸው፤ ጣዝማ መሬት ውስጥ ስትኖር የእስያዎቹ አብዛኞቹ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ይሰፍራሉ። ቀዳዳ ደግሞ ለጋ ዛፍ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ወፎቹ ሦስትም አምስትም ሆነው በቤተሰብ ከአንዱ ትልቅ ዛፍ ወደ ሌላው ረጅም መንገድ እየበረሩ ይውላሉ። ጎጆም ቢሆን ያው ነው፤ ይህን የሚያህል ወፍ ከነጫጩቶቹ የሚይዝ ጉድጓድ ቀጭን ግንድ ውስጥ አይፈለፈልም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአካባቢው የተለመደው የእንጨት ሥራ ጫካውን ጠርጎ አያጠፋም፤ ወፍራም ወፍራሙን መርጦ ነው የሚቆርጠው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ደኑ እንዳለ ነው። ለወፉ ግን ማዕድ ቤቱም መኝታ ቤቱም ተወስዷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2010 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች ውስጥ መድቦታል።

ከዚህ በፊትም ታይቷል። በሜክሲኮ ተራሮች ይኖር የነበረው ኢምፔሪያል ግንደ ቆርቁር 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ያረጁት የጥድ ዛፎች ተቆረጡ፣ እሱም ታደነ። በ1956 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ራይን የተባለ የጥርስ ሐኪም በቅሎ ላይ ሆኖ አንዲት ሴት ወፍ በፊልም አነሳ፤ ከዚያ ወዲህ መኖሩ አልተረጋገጠም።

የእስያው ገና አለ። ለእሱ እንጨት ቆራጮች ቦርቡረው ለጣውላ የማይሆኑትን አሮጌ ዛፎች እንኳ ቢተዉለት ትልቅ ነገር ነው፤ ንቡም ጉንዳኑም ያለው እነሱ ውስጥ ነውና።