ያረጀው ምኑ ነው?

አርች ሊኑክስን የሚጠቀም ሰው የፈለገውን ፕሮግራም ከዋናው ማከማቻ ካጣው ተጠቃሚዎች ወደሚያዋጡት ማከማቻ፣ ወደ ኤዩአር ይሄዳል። እዚያ ያለው ግን የተሠራ ፕሮግራም ሳይሆን ፒኬጂቢልድ ነው፤ ኮዱ ከየት ወርዶ እንዴት እንደሚገጣጠም የሚናገር አጭር ጽሑፍ። ወጡ የለም፣ አሠራሩ አለ እንደ ማለት። ማብሰሉ የእርስዎ ኮምፒውተር ፋንታ ነው። ጽሑፉን የሚያድሰውም «ጠባቂ» የሚባል ደመወዝ የማይቆረጥለት በጎ ፈቃደኛ ነው።

በየፓኬጁ ገጽ ላይ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ማመልከት ይቻላል። ምልክቱ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የፕሮግራሙ ባለቤት 2.4ን አውጥቷል፣ ፒኬጂቢልዱ ግን 2.3 ላይ ቆሟል። አዲሱ ቨርዥን የታወጀበትን አድራሻ አብረው ቢጽፉ ጠባቂውን ከፍለጋ ያድኑታል። የወጣው ለሙከራ የተለቀቀ ቤታ ከሆነ ይተዉት።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «አልገጣጠም አለኝ» ብለን ምልክቱን ስንጭን ነው። ጠባቂው መልእክቱ ሲደርሰው አዲስ ቨርዥን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ምልክቱን ያነሳል፤ ብልሽቱ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለው ችግር ከነስህተቱ መልእክት በፓኬጁ ገጽ ግርጌ በአስተያየት ይጻፋል። ደግሞ ሲስተሙን ካደሱ በኋላ ትናንት ይሠራ የነበረው ፕሮግራም አልነሳ ካለ፣ የሚደገፍበት ላይብረሪ ተቀይሮበት ሊሆን ይችላል። ያኔ መጀመሪያ እንደገና ይገጣጥሙት፤ ጠባቂውን የሚያስወቅስ ነገር ላይኖር ይችላል።

ስማቸው በ«ጊት» የሚያልቁት ፓኬጆች ጉዳይ የባሰ ያደናግራል። ገጹ ላይ የሚታየው ቁጥር ጠባቂው ጽሑፉን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያድስ የነበረው ነው። ሲገጣጠም ግን የዕለቱ ኮድ ይወርዳል፣ ቁጥሩም ያኔ ይሰላል። ቁጥሩ ዓመት ስለቆየ ብቻ ምልክት ማድረግ፣ እንስራው ላይ የተጻፈውን ቀን አይቶ ምንጩን አረጀ እንደ ማለት ነው።

ምልክቱ ተደርጎም ዝም ከተባለ? ፓኬጁ ባለቤት አልባ ይባል ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ጠባቂው በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ ጥያቄው ተቀባይነት ያገኛል። ምልክቱ 180 ቀን ከሞላው ደግሞ ጥያቄው ወዲያውኑ ያልፋል። እስከዚያ ድረስ ፒኬጂቢልዱን አውርደው የቨርዥኑን ቁጥር ይቀይሩ፣ ማረጋገጫ ድምሮቹን ያድሱና ራስዎ ይገጣጥሙት። ከሠራ፣ መሥራቱን ለጠባቂው ይጻፉለት።