መኪናውን አየነው ማለት መኪናው አየን ማለት አይደለም

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ መኪና የፊት መብራት ነው። «እኛ መኪና የለን፣ ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ። ትምህርት ቤታችን ያለው ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር የሚወስደው አስፓልት ዳር ስለሆነ ነገሩ ከሾፌሮቹ እኩል እኛንም ይመለከተናል።

መጀመሪያ ለምን እንደጻፍኩት ልንገራችሁ። ባለፈው ጥቅምት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ገብስ አስፈጭተን ስንመለስ መሸብን። የአስፓልቱን ግራ ጠርዝ ይዘን አህያዋን እየነዳን እንሄዳለን። አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ሲመጣ መብራቱ ከሩቅ ታየን። እኔም «አይቶናል፣ አጥፎ ያልፈናል» ብዬ አህያዋን ከአስፓልቱ አላወጣኋትም። መኪናው ግን አጠገባችን ሲደርስ ጎማው ጮኸና ከአህያዋ ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሊመታን ነው ብዬ ስፈራ ለካ እሱ ራሱ ይንቀጠቀጣል። «አንተ ልጅ፣ ማርያምን አላየኋችሁም!» አለኝ።

እኔ ከአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያየሁትን መኪና እሱ እንዴት እኔን አያየኝም? ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ስለዚህ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩትን፣ አሁን ሚኒባስ ያላቸውን ጎረቤታችንን ጋሼን ጠየቅኳቸው። የሳይንስ መምህራችንንም ጠየቅኩ።

መልሱ እንዲህ ነው። እኛ መኪናውን የምናየው ብርሃኑ ከመብራቱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ዓይናችን ስለሚመጣ ነው። ሾፌሩ እኛን እንዲያይ ግን ብርሃኑ ከመኪናው ወጥቶ እኛ ላይ ማረፍ፣ ከኛ ተነስቶ ደግሞ ወደ ሾፌሩ ዓይን መመለስ አለበት። ማለትም የኛ መሄጃ ብቻ ነው፣ የሱ ደርሶ መልስ ነው። ብርሃን ደግሞ በራቀ ቁጥር ይበተናል። ርቀቱ 2 እጥፍ ሲሆን እኛ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚያ ላይ ጥቁር ልብስ ከደረሰው ብርሃን አብዛኛውን ውጦ ያስቀረዋል። ነጭ ልብስ ግን አብዛኛውን ይመልሰዋል።

መኪና ሁለት ዓይነት የፊት መብራት አለው። ረጅሙ መብራት ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ስለሚሄድ ከ100 ሜትር በላይ ያሳያል። አጭሩ መብራት ግን ወደ መሬት ያጎነበሰ ነው፤ ከ40 እስከ 60 ሜትር ያህል ያሳያል። አጭሩ ለምን አስፈለገ? ከፊት የሚመጣውን ሾፌር እንዳያሳውር ነው። ሁለት መኪኖች ሲገናኙ ሁለቱም ወደ አጭር መቀየር አለባቸው። እና ልብ በሉ፣ ሾፌሩ ትንሽ የሚያየው ልክ በዚያን ሰዓት ነው።

እኛም ይህን በዓይናችን ለማየት አንድ ምሽት ጋሼ ሚኒባሳቸውን ሜዳው ላይ አቆሙልን። መኪናው አይንቀሳቀስም። እሳቸው መሪው ላይ ተቀምጠው አጭሩን መብራት አበሩ። እኔ የትምህርት ቤታችንን ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ ጀርባዬን ሰጥቼ እርምጃ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ስጠፋባቸው ጥሩንባ ይነፋሉ። በ60 እርምጃ ላይ ነፉ! በሁለተኛው ዙር የእናቴን ነጭ ነጠላ ለብሼ ስሄድ 130 እርምጃ ደረስኩ። ከዚያ ጋሼ መብራቱ ላይ የነበረውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉትና በሹራቤ ደግሜ ሄድኩ። አሁን 75 እርምጃ ሆነ። በአንድ እርጥብ ጨርቅ 15 እርምጃ አተረፍን ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በ1 ሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ አይቶን እግሩ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ ቢያንስ 1 ሴኮንድ ያልፋል፤ ያ 22 ሜትር ነው። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ በደረቅ አስፓልት ላይ ለመቆም 35 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 57 ሜትር ነው። የኔ 60 እርምጃ ግን በሜትር ሲለካ 36 ብቻ ነው! ስለዚህ ሾፌሩ ቢያየኝም መቆም አይችልም። ፍጥነቱን ወደ 50 ቢያወርድ ግን በ28 ሜትር ገደማ ይቆማል፣ እኔም እተርፋለሁ። መንገዱ ዝናብ ከነካው ወይም መኪናው ጭነት ከበዛበት ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

ሌላው ችግር መታወር ነው። ረጅም መብራት ፊት ለፊት ሲበራብን የዓይናችን ብሌን ይጠብባል። መብራቱ ካለፈ በኋላ ጨለማውን መልሶ ለመልመድ ጥቂት ሴኮንዶች ይፈጃል። 3 ሴኮንድ ብቻ እንበል፤ በ80 ፍጥነት ሾፌሩ 66 ሜትር ምንም ሳያይ ነዳ ማለት ነው። ጋሼ እንደነገሩኝ መኪና ከኋላ ብዙ ከተጫነ አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚነሳ አጭሩ መብራትም ሰው ያሳውራል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ደግሞ ረጅም መብራት ማብራት አይጠቅምም። ብርሃኑ ጉሙ ላይ አርፎ ወደ ሾፌሩ ይመለሳል፣ የሚታየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አባት ወይም አጎት ሾፌር የሆነላችሁ ልጆች፣ ማታ ከመነሳታቸው በፊት መብራቱን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉላቸው። ፀሐይ መትቶት ቢጫ የሆነ የመብራት ፕላስቲክ ሽፋን ካለም ንገሯቸው። እኛ እግረኞች ደግሞ ከመሸ በኋላ ከሹራቡ በላይ ነጠላ ወይም ሌላ ነጭ ነገር እንልበስ። ግራችንን ይዘን መኪናው በፊት ለፊታችን እንዲመጣ እናድርግ። ከሁሉ በላይ መብራት ባየን ጊዜ ከብቱንም ራሳችንንም ከአስፓልቱ እናውጣ። «አይቶናል» አንበል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ሹራብ ሲታሰብ እጅጌው ላይ አንድ ነጭ መስመር ቢጨመርበት ምን ይመስላችኋል?

አህያችን ደህና ናት። አሁን አንገቷ ላይ ነጭ ጨርቅ አስረንላታል። ወንድሜ «ሙሽራ መሰለች» እያለ ይስቃል። ይሳቅ፣ ግን ትታያለች።

እስከ ሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል