የአበባ አያያዝና አደራደር ሥልጠና ለድግስ አዘጋጆች

መግቢያ

በአገራችን ድግስና ለምለም ነገር ተለያይተው አያውቁም። ቡና ሲፈላ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ በመስከረምም አደይ አበባ ከሜዳ ተለቅሞ ወደ ቤት ይገባል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ)ና በዝዋይ (ባቱ) አካባቢ የአበባ እርሻዎች ስለ ተስፋፉ ጽጌረዳ በከተማ ገበያ በቀላሉ የሚገኝ ሆኗል። ከምርቱ አብዛኛው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ቢሆንም ከፊሉ በአገር ውስጥ ይሸጣል። በዚህም ምክንያት በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ በሚውለው የሠርግ ወቅት አዳራሽ በአበባ ማስጌጥ ራሱን የቻለ የገቢ ምንጭ ለመሆን በቅቷል።

ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ መማር የሚፈልገው የቀለም ምርጫና የቅርጽ አወጣጥ ነው። ይሁን እንጂ ማለዳ ያማረ አበባ ሙሽሮቹ አዳራሽ በሚገቡበት ሰዓት አንገቱን የሚደፋው በቅርጽ ጉድለት ሳይሆን በአያያዝ ጉድለት ነው። ሠርግ የአንድ ቀን ጉዳይ ስለሆነ የጠወለገውን በማግሥቱ መተካት አይቻልም። ስለዚህ ሥልጠናው ከባልዲው መጀመር ይኖርበታል።

የተቆረጠ አበባ ለምን ይጠወልጋል?

አበባ ከተቆረጠም በኋላ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይተነፍሳል፤ በቅጠሎቹም በኩል ውሃ ያተናል። የሚጠወልግባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

1. የውሃ መተላለፊያ መዘጋት፦ በዘንጉ ውስጥ ውሃ የሚያሳልፉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። አበባው ያለ ውሃ ሲቆይ በተቆረጠው ጫፍ በኩል አየር ይገባባቸዋል። በቆሸሸ ውሃ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎችም ቱቦዎቹን ይደፍናሉ። ባልዲው ሙሉ እያለ አበባው በጥም የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ሙቀት፦ ሙቀት በጨመረ መጠን አበባው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ የያዘውንም ምግብ ፈጥኖ ይጨርሳል።

3. ኤቲሊን የተባለ ጋዝ፦ ይህ ጋዝ ከሚበስሉ ፍራፍሬዎች፣ ለምሳሌ ከሙዝ፣ ከማንጎና ከአቮካዶ ይወጣል። በመኪና ጭስም ውስጥ ይገኛል። በተለይ ካርኔሽን በዚህ ጋዝ በቀላሉ ይጎዳል።

ከገበያ እስከ አዳራሽ መደረግ ያለበት

ሠርጉ እሑድ ቢሆን አበባው ዓርብ ጠዋት ይገዛል፤ እስከ ቅዳሜ ውሃ ሲጠጣ ይቆያል፤ ቅዳሜ ይደረደራል፤ እሑድ ማለዳ ወደ አዳራሹ ይወሰዳል። በግዢ ጊዜ እንቡጡ ጠንከር ያለ፣ ጥቂት የአበባ ቅጠሎቹ መፈታት የጀመሩ ሊሆን ይገባል። ፈጽሞ ያልተፈታ እንቡጥ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል፤ ፈጽሞ የፈካውም እስከ ድግሱ ቀን አይደርስም።

ሀ) ባልዲዎቹ በሳሙናና በበረኪና ታጥበው በሚገባ ይለቀለቃሉ።

ለ) ከውሃው በታች የሚውለው አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ይነሣል።

ሐ) የዘንጉ ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በስለታም ቢላዋ ሰያፍ ተደርጎ እንደገና ይቆረጣል። በውሃ ውስጥ ተይዞ ቢቆረጥ አየር እንዳይገባ ይረዳል።

መ) ለ1 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመራል። ስኳሩ ለአበባው ምግብ ይሆናል፤ ሎሚው ውሃው በቀላሉ እንዲሳብ ይረዳል፤ በረኪናው ባክቴሪያን ይገታል። በረኪናው አስቀድሞ በውሃው ይበረዛል። ያልተበረዘ በረኪናና ሎሚ መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ክልክል ነው።

ሠ) አበባው ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከፍራፍሬ ርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል። ማቀዝቀዣ ክፍል ላለው ለጽጌረዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተስማሚ ነው።

ሠርቶ ማሳያ

ሠልጣኞች ይህን በዓይናቸው እንዲያረጋግጡ ከአንድ እርሻ በአንድ ቀን የተቆረጡ 20 ጽጌረዳዎች ለሁለት ይከፈላሉ። አሥሩ ጫፋቸው ሳይቆረጥ፣ ቅጠላቸው ሳይነሣ ባልታጠበ ባልዲ ይቀመጣሉ። የቀሩት አሥሩ ከላይ በተገለጸው መንገድ ይያዛሉ። ሁለቱም ባልዲዎች በአንድ ክፍል ይሆናሉ። በየማለዳው አንገታቸውን የደፉት ተቆጥረው ይመዘገባሉ። ሠልጣኙ የራሱን መዝገብ አይቶ የሚማረው በቃል ከሚነገረው ይልቅ ይጸናል።

አደራደርና የመጠን ስሌት

በጠረጴዛ ማስቀመጫ ውስጥ የአበባው ቁመት የማስቀመጫውን አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ቢሆን ሚዛኑን ይጠብቃል። ሆኖም ፊት ለፊት የተቀመጡ እንግዶች እንዲተያዩ ከዓይናቸው ዝቅ ማለት አለበት። ትልልቁ አበባ ወደ መካከልና ወደ ታች፣ እንቡጡ ወደ ዳርና ወደ ላይ ይደረጋል።

ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ስሌት ይቅደም። ለምሳሌ ለ20 ጠረጴዛዎች በየአንዳንዱ 12 ዘንግ ቢያስፈልግ 240 ዘንግ ይሆናል። ለመጠባበቂያ ከመቶ 10 ሲታከልበት 264 ይደርሳል። አበባው በ20 ዘንግ የታሰረ ከሆነ 14 እስር ይገዛል። መጠባበቂያውን ሳይቆጥር ዋጋ የተዋዋለ ሰው ጉድለቱን ከኪሱ ይሞላል።

ጥንቃቄ

ጽጌረዳ ሲመረት የተባይ መከላከያ መድኃኒት ስለሚረጭበት ለጌጥ የተገዛ አበባ በኬክም ሆነ በምግብ ላይ መነስነስ የለበትም። በሥራ ጊዜ ጓንት ይደረግ፤ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ዘንግ የሚሰካበት አረንጓዴ ስፖንጅ ከፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ በአፈር ውስጥ አይበሰብስም። ስለዚህ የተቻለው ሁሉ በምትኩ ወንፊት ሽቦ አጣጥፎ በማስቀመጫው ውስጥ ቢያደርግ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግለዋል።

ማጠቃለያ

የቀለምና የቅርጽ ችሎታ በልምድ ይዳብራል። ንጹሕ ባልዲ፣ ስለታም ቢላዋና ቀዝቃዛ ክፍል ግን ከመጀመሪያው ሥራ አንሥቶ የግድ ያስፈልጋሉ። እነዚህን ያሟላ የድግስ አዘጋጅ አበባው ሙሽሮቹ እስኪሸኙ ድረስ እንደ ቆመ ይቆይለታል።